ለሉባባ መተንፈስ

ጡጦው በየሰዓቱ ይጠራል። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ጀምሮ እስከ ምሽቱ ሦስት ድረስ፣ ሰዓቱ ልክ ሲሞላ፣ ከትራሱ አጠገብ ሆኖ በለሰለሰ የሴት ድምፅ «ወይዘሮ ሉባባ፣ የመተንፈሻ ሰዓትዎ ደርሷል» ይላል። ሕክምናውን የሚመራው ማዕከል ለዚህ የትንፋሽ መለማመጃ ያወጣው ስም ረጅም ስለሆነ ማንም አይይዘውም። የኮምቦልቻ ሰው በአፍ የሚጠባ ነገር ሲያይ ጡጦ አለው፤ በዚያው ጡጦ ሆኖ ቀረ። አሥር ጊዜ በረጅሙ ወደ ውስጥ መሳብ፣ በየመሀሉ እስከ አምስት እየቆጠሩ ይዞ መቆየት፣ ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ መጨረሻ ላይ ትራስ ሆድ ላይ ጫን አድርጎ ሁለት ጊዜ ማሳል። ጤነኛ ሰው ሲሰማው ሥራም አይመስለው።

ዓመተ ምሕረቱ ሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ነው። ተኝቶ መታከም የሚባለው ነገር ከቀረ አንድ ትውልድ አልፏል። ሆድ ጠዋት ይከፈታል፣ ከሰዓት ይሰፋል፣ ሰውዬው ሲመሽ በገዛ አልጋው ላይ ነው። የቀረውን ቤተሰብ ይጨርስ ተብሏል። ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ የተመዘገበ አስታማሚ ይመደባል፤ አስታማሚው የግማሽ ሰዓት ትምህርት ወስዶ፣ በጣቱ አሻራ ፈርሞ፣ ጡጦውን ተረክቦ ይወጣል። ራውዳ ትምህርቱን ስትወስድ ዓይኗ ከቀዶ ሕክምናው በር ላይ አልተነሳም ነበርና ከሚነገራት ግማሹን አልሰማችም።

ከበሩ በስተጀርባ የነበረችው ታላቅ እህቷ ሉባባ ናት። ሉባባ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ራውዳን በአሥራ አራት ዓመት ትበልጣታለች፤ እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገቻትም እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ የሠራች፣ ማሽን የማትፈራ፣ ሰውም ብዙ የማትፈራ ሴት። አንጀቷ ተጠምዝዞ ሦስት ቀን ሙሉ «ጋዝ ነው» እያለች ደበቀች። በአራተኛው ቀን ከወገቧ መቃናት ሲያቅታት ወሰዷት፤ የሞተውን አንጀት ቆርጠው የቀረውን ቀጠሉ፣ ከእምብርቷ በላይና በታች አንድ ስንዝር ተኩል ሰፍተው ማክሰኞ ማታ መለሷት።

ሐሙስ ጠዋት ራውዳ እህቷን በሦስት ትራስ ደግፋ አስቀመጠቻትና ጡጦውን አፏ ላይ አደረገችላት። ሉባባ ሳበች። ትንፋሿ ትንሽ ሄደና ቀጥ አለ። ፊቷ ተጨማደደ።

«ጥሩ ሙከራ ነው» አለ ጡጦው።

«ስንት አለ?» ሉባባ ዓይኗን ሳትገልጥ ጠየቀች።

«አምስት መቶ ሃምሳ ሚሊ ሊትር» አለች ራውዳ ጡጦው ላይ ያለውን ቁጥር አንብባ።

«ከስንት?»

«ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ።»

«ፋብሪካ ቢሆን እስካሁን አባረውኛል» አለች ሉባባ፤ ልትስቅ ስትል ሆዷን ያዘችና ተወችው።

ራውዳ አልሳቀችም። እስከ ሦስተኛው ቀን ምሽት፣ ማለትም እስከ ዓርብ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ያልደረሰ ሰው «ተመላሽ» ይባላል። ተመላሽን ነጭ መኪና መጥቶ ይወስደዋል፤ ከከተማው ውጭ ወዳለው ማገገሚያ ቤት ይገባል። እዚያ አስታማሚ አይፈቀድም፣ ጠያቂም አይገባም። ማዕከሉ ከሚገቡት መካከል አብዛኞቹ ድነው ይወጣሉ ይላል። አብዛኞቹ የሚለው ቃል ነበር ራውዳን እንቅልፍ የነሳት። እህቷ እዚያ ብቻዋን፣ ውሃ የሚያቀብላት ዘመድ ሳይኖር፣ ነጭ ግድግዳ እያየች ስትሞት በሐሳቧ እየመጣባት ከማክሰኞ ጀምሮ የቀረበላትን ምግብ ሳትነካ ትመልሳለች።

አራት ሰዓት ላይ ጠያቂ መጣ። ጎረቤታቸው ጦይባ ከፊት፣ ከኋላዋ ደግሞ የሰፈሩ ሴቶች። «አፊያ ያድርግሽ»፣ «አላህ ያሽርሽ» እያሉ ግድግዳውን ተከትለው ተቀመጡ። ያመጡትን ሾርባና አጥሚት ደረደሩ። በመሀሉ ጡጦው ጠራ። ሉባባ አሥሩን እንደምንም ገፍታ ጨረሰችና ትራሱን ሆዷ ላይ አድርጋ ልታስል ስትዘጋጅ ጦይባ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ኧረ ተይ፣ ተይ። ምነው ሉባባ፣ ስፌቱ ይተረተራል እኮ።»

«ጡጦው ነው ሳይ የሚለኝ።»

«እሱ ምን ያውቃል፣ ሆድ የለው። የእኔ አክስት ልጅ አንዴ አነጠሳት፣ በቃ፣ እንደገና ሰፏት። ቁስል እረፍት ይፈልጋል። ራውዳ፣ አንቺስ ዝም ብለሽ ታያለሽ?»

ሴቶቹ ሁሉ ልክ ነው አሉ። አንዷ ትራሱን ከሉባባ ሆድ ላይ ወስዳ ከጀርባዋ አደረገችላት። ሉባባም ለመጀመሪያ ጊዜ የፈለገችውን ነገር ሰው ስለነገራት ደስ ብሏት ተደገፈች። ሳሏ ደረቷ ውስጥ ቀረ። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ያዘኑላት ሰዎች ነበሩ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ጠያቂው ሄዷል፤ ሉባባ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወስዷታል። ጡጦው ጠራ። ራውዳ እህቷን ለመቀስቀስ እጇን ዘረጋች። የሉባባ አፍ ገርበብ ብሏል፣ ግንባሯ ላይ የነበረው ጭምድድ ለቋል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ ራውዳ ጡጦውን አነሳች፣ ጫፉን በሻሿ ጠረገችና ራሷ ሳበች።

አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ።

«እጅግ አበረታች መሻሻል ነው፣ ወይዘሮ ሉባባ።»

አሥሩንም ጨረሰች። ሁለት ጊዜ ሳለች። አንድ ሰው በሩን የሚያንኳኳ መስሏት ዞር አለች፤ ማንም አልነበረም።

ሉባባ ስትነቃ ነገረቻት። ሉባባ ጣሪያውን እያየች ጠየቀቻት።

«የሒሳብ የቤት ሥራሽን ማን ነበር የሚሠራልሽ?»

«አንቺ ነሻ።»

«እንግዲህ ተራሽ ደረሰ» አለችና ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀላል ሆነ። ጡጦው በጠራ ቁጥር ራውዳ ከጓዳ እጇን እያደራረቀች ትመጣለች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ትስባለች። ጦይባ ምስጢሩን ስታውቅ ጎበዝ አለቻት፤ እንዲያውም ዓርብ ከሰዓት እስከ አምስት የምትቆጥርላት እሷ ነበረች። «ሁለት ሺህ አድርሺው፣ አታሳፍሪን» እያለች ታስቃታለች። ሉባባ በትራሶቿ መሀል ሆና ታያቸዋለች። ምንም ሥራ የላትም። ትንፋሿ በአንገቷ አካባቢ እየተመላለሰ፣ ወደ ታች ሳይወርድ፣ ሁለት ቀን አለፈ።

ዓርብ ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ ጡጦው ከወትሮው የተለየ ነገር ተናገረ። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ወይዘሮ ሉባባ። ትንፋሽዎ በሚገባ ታውቆ ተመዝግቧል። ከተመላሽ ስጋት ነጻ ነዎት።» ሁለቱም አልሐምዱሊላህ አሉ። ራውዳ እራቷን በላች፣ ተኛችም።

ቅዳሜ ጠዋት የቀሰቀሳት ድምፅ የሉባባ ትንፋሽ ነው። አጭር፣ ፈጣን፣ እንደሚያለከልክ ሰው። እጇን ግንባሯ ላይ ስታደርግ አቃጠላት። የጥፍሮቿ ሥር ግራጫ ሆኗል።

«እታለም፣ ምን ሆንሽ?»

«አየሩ» አለች ሉባባ፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ ተንፍሳ «አልገባ አለኝ» ብላ ጨረሰች። አንዲቷን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስት ትንፋሽ ፈጀባት።

ራውዳ ጡጦውን አፏ ላይ አደረገችላት። ሉባባ ያላትን ሁሉ ሳበች።

«ይህ የታካሚዋ ትንፋሽ አይደለም» አለ ጡጦው። «እባክዎ መሣሪያውን ለታካሚዋ ይስጡ።»

«እሷው ናት» አለች ራውዳ።

«እባክዎ መሣሪያውን ለታካሚዋ ይስጡ።»

እንደገና ሞከሩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከሩ። በዚያ የግማሽ ሰዓት ትምህርት ላይ የተነገረው፣ ራውዳ ግን ያልሰማችው ነገር ይህ ነበር፦ ጡጦው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የታካሚውን ትንፋሽ ይለምዳል፣ ከዚያ በኋላ ከለመደው በቀር የማንንም አይቀበልም። ከሐሙስ ከሰዓት ጀምሮ የሳበችው እሷ ናትና፣ ጡጦው የለመደው የራውዳን ነው።

ወደ ማዕከሉ ደወለች። የመለሰላት ያው የለሰለሰው ድምፅ ነው።

«ወይዘሮ ሉባባ በጥሩ ሁኔታ ላይ ናቸው። የትናንት ምሽት ውጤታቸው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ነው።»

«እሱ የእኔ ነው። እኔ ነኝ የተነፈስኩት። እሷ እየሞተች ነው።»

«የአስታማሚ ጭንቀት የተለመደ ነው። ለእርስዎ የሚሆን የማረጋጊያ ምክር ላሰማዎት?»

«ሰው አገናኙኝ። ሰው የለም እዚያ?»

«የሥራ ኃላፊ ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ይገኛሉ።»

ራውዳ ሰኞ እስኪደርስ ስንት ሰዓት እንደቀረ በጣቷ ቆጥራ ሳትጨርስ ስልኩን ዘጋችው። ጩኸቷን ሰምታ የመጣችው ጦይባ ባጃጅ እንጥራ አለች።

«የት ልንወስዳት? በሩን ማን ይከፍትልናል? የሆስፒታል በር ማዕከሉ ካላዘዘ አይከፈትም።»

ጦይባ የሉባባን እግር ይዛ ቆመች። ሉባባ ግን ዓይኖቿ ጡጦው ላይ ነበሩ፤ የማሽን ጠባይ የምታውቅ ሴት ናት። ጣቷን ወደ ራውዳ ዘረጋች።

«አንቺ» አለች፤ ተነፈሰች፤ «እንደ እኔ» አለች፤ ተነፈሰች፤ «ሳቢ።»

ራውዳ ገባት። ማዕከሉ የሉባባ ብሎ የሚያውቀው የእሷን ትንፋሽ ነውና፣ የእሷ ትንፋሽ ከታመመ መኪና ይላካል። ጡጦውን አፏ ላይ አድርጋ ትንሽ ብቻ ሳበችና አቆመች።

«በቂ ጥረት አላደረጉም። እባክዎ በሙሉ አቅምዎ ይሞክሩ።»

ሰነፍንና በሽተኛን ይለያል። ደግማ ሞከረች፤ ደግሞ ነቀፋት። ሉባባ እጇን ይዛ ወደ ደረቷ ወሰደቻት፤ ከጡቷ በታች በስተቀኝ መዳፏን አሳረፈችላት። እዚህ ጋ ነው የሚቆመው፣ አለቻት በዓይኗ። ራውዳ በመዳፏ ሥር የእህቷ ጎን ሊነሳ ሞክሮ ሲወጋውና ሲመለስ ተሰማት። ሁለት ቀን አጠገቧ ተቀምጣ ስትተነፍስ አንዴም እጇን እዚያ ላይ አድርጋ አታውቅም።

«ጦይባ፣ መቀነትሽን ፍቺ» አለች።

ጦይባ መቀነቷን ፈትታ በራውዳ ደረትና ሆድ ዙሪያ ጠመጠመችው፤ ጉልበቷን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ጎተተችው። ራውዳ ያላትን አቅም ሁሉ አውጥታ ሳበች። አልገባም። ጎኗ ተወጋ፣ ዓይኗ ጨለመ፣ ዕንባዋ መጣ። ስድስት መቶ። ሁለተኛው አምስት መቶ ሃያ። ሦስተኛው ላይ ልትወድቅ ነበር፤ እህቷ ከማክሰኞ ጀምሮ በየሰዓቱ አሥር ጊዜ እንዲህ አድርጊ ስትባል እንደነበር የገባት ያን ጊዜ ነው። አፈረች። አራት መቶ ሰማንያ።

«ወይዘሮ ሉባባ፣ ሁኔታዎ አሳሳቢ ነው። መኪና ተልኳል።»

ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ነጩ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ሾፌር የለውም። ከኋላው አንዲት ሴት ወረደች፤ ከስድሳ የማታንስ፣ ጫማዋ የተንሻፈፈ፣ ደረቷ ላይ «ሲስተር ትርሲት» የሚል ስም ያለበት። ሥራዋ በር መክፈትና መዝጋት ነው፤ ነርስነቱ ድሮ ነው። ራውዳ መቀነቱ እንደታሰረ ሁሉንም ነገረቻት። አንድም አልደበቀችም።

ሲስተር ትርሲት አልተቆጣችም። ሉባባን ወደ ፊት አዘንብላ ጆሮዋን ባዶ ጀርባዋ ላይ ለጠፈች። በስተግራ አዳመጠች፣ በስተቀኝ አዳመጠች፣ ዝቅ ብላ እንደገና አዳመጠች።

«ከዚህ በታች ምንም አይሰማም» አለች። «ሳንባዋ ተጣብቋል። አክታው ሞልቶ ዘግቶታል። በዚህ ሳምንት አራተኛዬ ናችሁ፤ በየቤቱ እያዘናችሁ ትጨርሷቸዋላችሁ።»

ከዚያ ትራሱን አንስታ ለራውዳ ሰጠቻት። «ሆዷ ላይ ጫኚው። አጥብቀሽ። ታስላለች።»

«ስፌቱ...» አለች ጦይባ።

«ስፌቱ አይፈታም። አንቺ ውጪልኝ።»

ራውዳ ትራሱን በሁለት እጇ የእህቷ ሆድ ላይ ጫነች። «ሳይ፣ እታለም።» ሉባባ ራሷን ነቀነቀች። «ሳይ።» ሉባባ ሳለች፤ ከሳሉ ይልቅ ማቃሰቱ በለጠ። ተዉኝ ትላለች። ዕንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል። ራውዳ በልጅነቷ ሲያማት ሌሊቱን በጀርባዋ አዝላት ታድር የነበረችውን እህቷን እያስለቀሰች፣ እሷም እያለቀሰች «እንደገና፣ ሳይ» አለቻት። በአምስተኛው ላይ ወፍራም አረንጓዴ አክታ መጣ። ከዚያም በኋላ ሉባባ የሳበችው ትንፋሽ ከፊተኛው ትንሽ ረዘም አለ። በጣም ትንሽ፤ ራውዳ ግን መዳፏ ላይ ተሰማት።

«ይበቃል፣ ወደ ማገገሚያው እንሂድ» አለች ሲስተር ትርሲት። «ግን በራሷ ስም ልወስዳት አልችልም። ሉባባ ብዬ ባስገባት ትንፋሿ አይደለም ብሎ ከበር ይመልሳታል። አዲስ ሆና፣ በአዲስ ጡጦ ትግባ። በአስታማሚዋ ስም።»

«በእኔ?»

«ታካሚዋ ሰላም ሆነች፣ አስታማሚዋ ታመመች እላለሁ። ይደርሳል። አንቺ ደግሞ ክትትሉ እስከሚያበቃበት እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ድረስ እዚህ ሉባባ ሆነሽ መተንፈስ ነው፤ ካቆምሽ መኪናው መጥቶ ይፈልጋታል።»

«እዚያ ማን ያስታምማታል?»

«መልእክት በየጠዋቱ ይመጣልሻል፣ የደረሰችበት ቁጥር። አይዞሽ፣ እዚያም ያሉት ሠራተኞች የእኛው ሰዎች ናቸው። ያዝኑላታል።»

በሩ ተዘጋ። መኪናው ድምፅ ሳያሰማ ቁልቁል ሄደ።

እሑድ ጠዋት የመጀመሪያው መልእክት መጣ። «ወይዘሮ ሉባባ፣ እህትዎ ራውዳ ዛሬ አራት መቶ ሃምሳ ደርሳለች።» ራውዳ የገዛ ስሟን እንደ ሌላ ሰው ስም አነበበችውና መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ በደስታ ነው። ጦይባ አልገባትም። ራውዳ ግን እንዲህ ያለውን ቁጥር ማንም ለማንም እንደማይስብ ታውቃለች፤ አራት መቶ ሃምሳ የሉባባ የራሷ ነው። ሰኞ አምስት መቶ አሥር ሆነ። ማክሰኞ ወደ አራት መቶ ዘጠና ወረደ፤ ሰፈሩ ሲጨነቅ እሷ ግን፣ የተዋሰ ትንፋሽ አይወርድምና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ እንጀራ በላች። ረቡዕ አምስት መቶ ስልሳ። ራውዳ ቁጥሩን እያየች እህቷ ትራሷን ሆዷ ላይ ይዛ እየተሳደበች ስትስል ይታያት ነበር። በመሀሉ ጡጦው በየሰዓቱ ይጠራል፣ እሷም ለወይዘሮ ሉባባ አሥር ጊዜ እየሳበች ትቆጥራለች።

ሐሙስ ጠዋት ጦይባና ሴቶቹ ቤቱ ውስጥ ሳሉ መልእክቱ ደረሰ። ጦይባ ቀድማ አነበበችው፤ ጮክ ብላ።

«እህትዎ ራውዳ ዛሬ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ደርሳለች። እጅግ አበረታች መሻሻል ነው።»

ሴቶቹ ተነሱ። አንዷ እልል አለች፣ አንዷ ራውዳን አንገቷን አቅፋ ሳመቻት፤ አልሐምዱሊላህ፣ ዳነችልሽ፣ በአንድ ቀን እንዲህ ተአምር ተደረገልሽ አሏት። ራውዳ ስልኩን ከጦይባ እጅ ተቀብላ ቁጥሩን አየችው። ደግማ አየችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምነው፣ ደስ አይልሽም እንዴ?» አለች ጦይባ።

«ማን ነው የሚተነፍስላት?» አለች ራውዳ።